የዋርሳዬ ጓንት

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሆንዳ ሞተር ብስክሌቱን የማስነሳው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አልነዳውም። ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ስር እንደቆመ የቤንዚኑን ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ጥቂት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ማስነሻውን በቀኝ እግሬ እረግጠዋለሁ። ጉልበቴ ደህና በዋለበት ቀን ቶሎ ይነሳል፤ ባልዋለበት ቀን ያስለምነኛል። ጎረቤቶቼ ድምፁን ሲሰሙ "አስተማሪዋ ባሏን ልትቀሰቅስ ነው" ይላሉ። ይሰማኛል። ብቸና ውስጥ በቆርቆሮ አጥር የማያልፍ ወሬ የለም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እነዚህ ሰዎች ከእኔ የተሻለ መሳቂያ አላገኙም።

ሞተሩ ኤክስ ኤል የሚባለው አሮጌው ሆንዳ ነው። ባሌ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ሞተሮችን በጨረታ ሲያወጣ ከመካከላቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም መቀመጫቸው የተቀደደ። አንዱን ባሌ ገዛ። ሌላውን ሞጣ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ገዛ። ዋርሳዬ ማለት ነው። እሱ የወፍጮ ጠጋኝ ነው። በየገጠሩ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እሱ ነው፤ መፍቻውን ከኋላ አስሮ፣ ባጃጅ የማይደርስበት ሁሉ በሆንዳው ይደርሳል።

ለእነዚህ ሞተሮች መለዋወጫ ያኔም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ዕቃውን እርስ በርስ ይበዳደሩ ነበር። የእኛ የኋላ ቸርኬ ሲሰነጠቅ የሞጣው መጣ። የእነሱ ፍሬን ሲያልቅ የእኛ ሄደ። የፊት መብራት፣ ሰንሰለት፣ መሪ፣ የሞተሩ ክዳን፣ በእፍኝ በእፍኝ ብሎን፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ በጨርቅ ተቋጥሮ ከብቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ብቸና ሲመላለስ ኖረ። በመጨረሻ የትኛው ሆንዳ የማን እንደሆነ የሚለየው በቆመበት ከተማ ብቻ ነበር።

የሚፈታው ከእኛ ጓሮ ነበር፣ ጆንያ ላይ። የምትፈታው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይህን ያኔ የተናገረልኝ የለም፤ ስለዚህ አሁን ራሴ እናገረዋለሁ። የባሌ ጣት ወፍራም ነበር። በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል፣ ከካርብሬተሩ ጀርባ፣ ሰው እጁን ሊያስገባ በማይችልበት ስፍራ ሁሉ የምትገባው የእኔ እጅ ነበረች። "እጅሽ ትንሽ ነው፣ እስቲ ነይ" ይለኝ ነበር። የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ ቀሚሴን ጠቅልዬ እቀመጣለሁ። የካርብሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ በሽቦ ከወጉት ይሰፋል፤ ስለዚህ ለስፌት ካስቀመጥኩት ስንደዶ አንዱን መዝዤ በእሱ አጸዳው ነበር። ይህን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ግን ባሌ "እኔና ወንድሜ ፈታነው፣ እኔና ወንድሜ ገጠምነው" ይላል። ወንድሙም አጠገቡ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣል። አላስተባበለም፤ አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ "እርሷ ናት" አላለም። ጠላ ሳቀርብላቸው እጄ በዘይት ጠቁሮ እያዩት "ምነው እጅሽን ሳትታጠቢ" የሚሉኝ እንግዶች ነበሩ።

ከዚያ ባሌ ታመመ፣ አረፈ። የአርባው ቀን፣ ድንኳኑ እንደተተከለ፣ ሰው በልቶ ሲመርቅ፣ ውሃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ስዞር ዋርሳዬን ከዳሱ ስር አገኘሁት። ካርብሬተሩን ፈትቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞታል።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አልኩት።

"ይቺን ነገር... ልወስዳት ነው።"

"የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ?"

"እትዬ፣ እንደሱ አይደለም..."

እንዴት እንደሆነ እንዲነግረኝ ጊዜ አልሰጠሁትም። ክንዱን ይዤ ወደ ድንኳኑ ጎተትኩት። ቄሶቹ ነበሩ፣ የሰንበቴው ማኅበር ነበር፣ መላ ዘመዱ ነበር። ጋዜጣውን ከብብቱ መንጭቄ ሁሉም እንዲያዩት ከፍ አድርጌ ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሞተር አንዲት ብሎን በእጅህ እንዳትነካ፣ በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ!"

ግዝት በእኛ አገር እንዲህ በንዴት አይወረወርም፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጊዮርጊስ ደግሞ የብቸናም የሞጣም ታቦት ነው፤ ሸሽቶ የሚያመልጥበት ከተማ የለውም። ዋርሳዬ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ካርብሬተሩን በማግስቱ ራሴ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለሙት ዓመት ብቻ ሆነ። የገረመኝ ጓንቱ ነው። ጥቁር የቆዳ ጓንት አጥልቆ በሆንዳው ይመጣል፣ ሞተሩን በጓንት አቁሞ በጓንት ይገፋዋል። እኔን ሲሳለም ደግሞ ጓንቱን ሳያወልቅ ራሱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። እጁን ሊሰጠኝ ተጸየፈ አልኩ። "የወፍጮ ጠጋኝ እንደ ሚኒስትር ጓንት አጥልቆ ይዞራል" ብዬ ለአንዷ ነገርኩ፤ እሷም ለሌላዋ። ወሬው ሞጣ ደረሰ። ሞጣ ገበያ ላይ እስከ ዛሬ ስሙን ትተው "ባለጓንቱ" ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ እንደሆንኩ ስጠየቅ አልደበቅሁም፤ ኮርቼበት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በቅርቡ ሚስቱ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆናችሁ ደወላችሁ?"

"ሞተሩ ቆመ።"

"ይቁማ።"

"ቴስታታው ተበልቷል አሉን። ሞጣ የለም። ባሕር ዳር አስጠየቅን፣ ያለው የቻይና ነው፣ አይገጥምም። እሱ ከቆመ እንግዲህ ወፍጮውም ቀረ፤ ሰዉ ሲደውልለት 'እመጣለሁ' ይልና ስልኩን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል። የእርስዎ ሆንዳ ደግሞ እንዲሁ ቁጭ ብሏልና..."

"ቁጭ አላለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሳል።"

"ተነስቶስ የት ይሄዳል?"

ይህች ሴት ከመጀመሪያውም ምላሷ አይያዝም። ቴስታታ የሞተሩ አናት ነው፤ እሱን ከእኔ ሆንዳ ላይ ማንሳት የእኔን መግደል እንደሆነ ታውቃለች፤ አውቃ ነው የምትጠይቀኝ።

"ለዘራፊ የምሰጠው ዕቃ የለኝም" አልኳት።

"ዘራፊ ቢሆን ኖሮ እትዬ፣ በጓንት ይነዳ ነበር?" ብላ ዘጋችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ስድብ መሰለኝ፤ መልሼ ልደውልና ልነግራት ብዬ ተውኩት።

የገባኝ ቅዳሜ ነው። ሆንዳውን አስነስቼ፣ እስኪሞቅ ድረስ በጨርቅ እየወለወልኩ ወደ ኋላ ጎማው ስደርስ ቸርኬው ላይ ያለውን ጎድጓዳ እጄ ነካው። ይህን ጎድጓዳ አውቀዋለሁ። ዋርሳዬ ከጉንደ ወይን ሲመለስ ድንጋይ መትቶ ያወጣው ነው። ቸርኬው የእነሱ ነበር። ፍሬኑስ? የእኛው ሞጣ ነው። ክዳኑ የእነሱ፣ የእኛው ሞጣ። ብሎኖቹ... እዚያ ላይ ጨርቄ ቆመ።

ድንኳኑ ውስጥ ምን ነበር ያልኩት? "ከዚህ ሞተር አንዲት ብሎን።" የዚህ ሞተር ብሎኖች ደግሞ ሞጣ ባለው ሆንዳ ላይ ተበትነዋል። የትኛዋ የማን እንደሆነች ማንም ሊለይ አይችልም። እኔ የገጠምኳቸው ራሴ አልለያቸውም። ሰውዬው ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ሞተሩን በባዶ እጁ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው። ለዚህ ነው ጓንቱ። በጓንት መንዳት ይቻላል፤ በወፍራም የቆዳ ጓንት ብሎን መያዝ ግን አይቻልም። ስለዚህ ወፍጮ የሚያስነሳ ሰው ሆንዳው በተበላሸ ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ሲያሠራ ኖረ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን እንዲህ አጥብቀህ ጠብቅ አለህ? እኔ ያልኩህ የእኔን እንዳትነካ ነው አልኩ፣ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ጎረቤት አልሰማኝም። ከንዴቱ ኋላ የመጣውን ግን ንዴት ልለው አልችልም። ሞተሩን አጥፍቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። "ባለጓንቱ" ያልኩት እኔ ነኝ። ያሰርኩትም እኔ፣ በታሰረበት ያሳቅሁበትም እኔ።

የንስሐ አባቴን በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኋቸው። ይፍቱልኝ አልኳቸው። "ያሰርሽው አንቺ፣ የምፈታው እኔ? አንቺ ሳትተዪ እኔ ምን እፈታለሁ?" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሄዱ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ ጊዜ አላቸው፣ ለእኔ ሲሆን ቅኔ ቤት ይጠብቃቸዋል።

ቤት ተመልሼ የባሌን መፍቻዎች አወጣሁ። የቤንዚን ጋኑን አነሳሁ፣ የጭሱን መውጫ ማርሚታውን ፈታሁ፣ ካርብሬተሩን አወጣሁ። በሞተሩ ሆድ ያለው ሰንሰለት ወደ ታች ወድቆ እንዳይቀር በሽቦ አሰርኩት። ቴስታታውን የያዙትን ዳዶዎች አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያልኩ በጥቂት በጥቂቱ አላላሁ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከላላ ብረቱ ይጣመማል። ቴስታታው እንቢ አለ፣ ከዚያ እሺ አለ። በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልኩት። ሆንዳው አናቱ ክፍት ሆኖ ሲቀር ላየው አልፈለግሁም፤ ላስቲክ አልብሼው ገባሁ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ ጥቅሉን ከላይ ሊጭነው እጁን ዘረጋ።

"እዚሁ እኔ ጋ ይሁን" አልኩ።

"ማዘር፣ ዶሮ ከሆነ አይቻልም።"

"ሲጮህ ሰማኸው?"

"ታዲያ ምንድን ነው እንደ ልጅ የታቀፉት?"

"ቴስታታ ነው።"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ኬላው ላይ ደግሞ ፈታሹ ጋቢውን አስገለጠኝ፤ አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አየው፣ "ይለፉ" አለ። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ዋርሳዬ እንደተባለው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ። ጥቅሉን ዘረጋሁለት። ሊቀበለኝ እጁን ሰደደ፤ ጫፉን ገለጥ ሳደርግለትና ብረቱን ሲያይ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ሁለቱንም እጆቹን ከጀርባው ደበቃቸው። ሽማግሌ ሰው፣ ሽበቱ እንደዚያ ሆኖ፣ እንደ ተማሪ እጁን ደበቀ።

"እዚያ ያስቀምጡት እትዬ" አለ። "ይቅርታዎን።"

ሚስቱ መጥታ ተቀበለችኝ።

"ማን ሊገጥመው ነው?" አልኩ።

"መካኒክ እንጠራለን።"

ሆንዳው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ የተበላው ቴስታታ ከአጠገቡ ወድቋል። አጎንብሼ አየሁት። ውስጡ በዘይት እጦት ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ዘይት ለምን አልወጣለትም ብዬ ሲሊንደሩን አነሳሁ። ከስሩ የሚገባውን ማሸጊያ አንዱ ከካርቶን ቆርጦታል፤ መቁረጡንስ ሁላችንም እንቆርጣለን፣ ነገር ግን ዘይት የሚያልፍባትን ትንሿን ቀዳዳ ሳይበሳት ገጥሞታል።

"ይህን የቆረጠው ማነው?"

"እዚህ ሰፈር ያለ አንድ መካኒክ።"

"አንተ የት ነበርክ?"

"አጠገቡ ቆሜ። 'ቀዳዳ ቀርቶሃል፣ ብሳት' አልኩት። 'ካወቅህ ለምን ራስህ አትሠራውም?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ምን እለዋለሁ? ጓንቴን አሳየሁት።"

ያንን ሲናገር ሊከስሰኝ አልፈለገም። ቢከስሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም ነበርና። ነጠላዬን አውልቄ ወገቤን ታጠቅሁ።

"ካርቶን አምጪልኝ፣ መቀስም" አልኳት ሚስቱን። "መካኒክ አይጠራም።"

እንዲህ ሆኖ እኔ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ መዳፎቹን ጭኑ ስር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። እጁ እንዳያመልጠው ነው። አፉን ግን የገዘተው አልነበረም።

"ቀዳዳዋን በሷት?"

"በሳኋት።"

"ሰፋ ያድርጓት።"

"በቂ ናት።"

"ዘይት እንጂ የመርፌ ክር አይደለም የሚያልፍባት እትዬ።"

አሰፋኋት። ሲሊንደሩን መለስኩ፣ ቴስታታውን ጫንኩ። ሰንሰለቱን ከጥርሱ ጋር ወደ መግጠሙ ስንደርስ በርጩማውን በቂጡ እየገፋ ቀረበ።

"ምልክቱ ከምልክቱ ጋር ተገጣጥሟል?"

"ተገጣጥሟል።"

"ያደረጉት መነጽር የማንበቢያው ነው የሩቁ?"

"ዝም በል።"

"ዝም አልኩ። በአንድ ጥርስ ከሳተ ግን..."

"አልሳተም! ስገጥመው የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ።

መፍቻው እጄ ላይ እንዳለ ቀና አልኩ። "ምን አልክ?"

"አውቃለሁ አልኩ። የወንድሜ ጣት እዚያ መቼ ይገባና። ያቺ የስንደዶዋም ዘዴ የእርስዎ ናት፤ ሞጣ ስንቱን ሰው አስተምሬባታለሁ።"

"ታዲያ ያኔ፣ እንግዳ ፊት፣ ለምን አትናገርም ነበር?"

"እሱ ታላቄ ነበር። እሱ ሲናገር ምን ብዬ ላርመው?"

ይህን ቃል ለመስማት ብዙ ዘመን ጠብቄ ነበር። ስሰማው ምን እንደማደርግም አስቤ ነበር፤ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ እጁ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ እጄ በቅባት ርሶ ሲሆን ግን አንዱም አልመጣልኝም።

"የዚያን ቀን ካርብሬተሩን ለምን ፈታኸው?" አልኩት በምትኩ።

"ላጥበው ነዋ። ወንድሜ አልጋ ላይ እያለ 'ቤንዚኑ ሳይደርቅበት እጠበው' ብሎኝ ነበር።"

"በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚያጥብ የት አለ?"

"ሞጣ ወስጄ እንጂ እርስዎ ቤት፣ በሰው መሃል፣ በተዝካሩ ቀን ቤንዚን ልርጭ?"

አላመንኩትም። ዛሬም የማምነው ግማሹን ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝም ያ ግማሹ ነው፤ ሙሉውን ባምን ይቅርታ ጠይቄ እገላገለው ነበር፣ ሙሉውን ባላምን ደግሞ ብቸና ቁጭ እል ነበር።

ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። የቫልቩን ክፍተት በምላጭ ለካሁ። ዘይት ጨመርኩ፣ ካንዴላውን መለስኩ፣ ጋኑን ጫንኩ። ለማስነሳት ጉልበቴ እንቢ አለ። ዋርሳዬ ከበርጩማው ተነሳ።

"እግሬን አልገዘቱትም" አለና ረገጠው። ሚስቱ ሳቀች፤ እኔም ልስቅ ነበር፣ ተውኩት።

ሆንዳው ተነሳ። ነገር ግን አልረጋም። ይጮሃል፣ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ይልና ደግሞ ይጮሃል። ይህ የካርብሬተሯ ትንሿ ብሎን ሥራ ነው፤ በጆሮ እየሰሙ፣ በካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ የምትዞር። ባሌ ይህችን ብቻ ለወንድሙ ይተዋት ነበር። ዞር አደረግኳት፣ ባሰበት። መለስኳት፣ ጠፋ። እንደገና አስነሳው፣ እንደገና ነካኋት፣ እንደገና ጠፋ። ቀና ስል የዋርሳዬ ቀኝ እጅ ከጎኑ ተነስታ ወደ ካርብሬተሩ መንገድ ጀምራለች። ግማሽ ላይ ስትደርስ አያት። መልሶ አወረዳት።

ይህን እኔ አድርጌዋለሁ አልኩ በልቤ። ሌላ ማንም የለበትም።

"ንካው እንግዲህ" አልኩት።

"እንዲህ አይሆንም እትዬ።"

"እንዴት ነው የሚሆነው? ያልኩህ እኔ፣ ተውኩ የምልህም እኔ።"

"በሰው ፊት አስረውኝ በጓዳ አይፈቱኝም።"

ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑም አናደደኝ። ሚስቱ ደግሞ የእኔን ፈቃድ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ በሩ ወጣችና "ኑማ! እትዬ ከብቸና መጥተው የሚናገሩት አላቸው!" ብላ ተጣራች። ሳትጠይቀኝ። ይህንንም ይዤላታለሁ።

ጎረቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። አንዷ ገና ከበር "ማን ሞተ?" እያለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

"ማንም አልሞተም፣ ሞተር ነው" አላት ዋርሳዬ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቄስም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እኔ እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ግቢው መሃል ቆምኩ። ባዳ ከተማ፣ ባዳ ሰው። ሲያዩኝ የብቸና ጎረቤቶቼን መሰሉኝ።

"ባሌ ባረፈ በአርባው፣ ይህን ሰው በጊዮርጊስ ገዝቼው ነበር" አልኩ። "ሞተር እንዳይነካ። ጓንት የሚያደርገው ለዚህ ነው። 'ባለጓንቱ' ያልኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ ትቻለሁ።"

አንዱ ወንድ ከኋላ "እኔማ ብርድ ፈርቶ ነው ስል!" አለ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

ቄሱ ቀረቡኝ። "ከልብሽ ነው ልጄ?"

"ትቻለሁ አልኩ እኮ አባ።"

"ያልሽውን ሰምቻለሁ። ከልብሽ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።"

ጋዜጣው ታየኝ። ብብቱ ስር። "ከልቤ ነው" አልኩ። ሙሉ ልቤ እንዳልነበረ ጊዮርጊስ ያውቃል፤ የነበረኝን ያህል ግን ሰጥቻለሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሱና "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ። እሱን ያስቀድማሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ከእኔ ቀጥለው ነው ወደ እሱ ዞረው "ይፍታህ" ያሉት። ለምን እንዲያ እንዳደረጉ አልጠየቅኳቸውም።

ዋርሳዬ ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ብሎኗን ትንሽ፣ ከዚያም ከትንሽ ያነሰ አዞራት። ሆንዳው እንደ ደህና ሰው መተንፈስ ጀመረ። ሰዉ እልል ሊል ፈልጎ ለሞተር እልል ይባል እንደሆነ ስላላወቀ እየተያየ ወጣ።

አበቃ ብዬ ነጠላዬን ስፈልግ ሞተሩ ጠፋ። ዞር አልኩ። ዋርሳዬ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ብረቱ በረድ እስኪል ጠበቀና መፍቻ አንስቶ መፍታት ጀመረ። እኔ የገጠምኩትን።

"አንተ ሰው ምን ነካህ?" አለች ሚስቱ። "እየሠራ እኮ ነው!"

"ላየው ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"ላየው ብዬ ነው አልኩሽ።"

ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ምልክቱን አልሳትኩም፣ ዳዶዎቹን በልኩ ነው ያጠበቅኳቸው፣ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራዬን በፊቴ የሚፈታ ሰው ጉዱን ያይ ነበር። አሁን ግን ባዶውን በርጩማ ሳብኩና ተቀመጥኩበት። ጋኑን አነሳ። ክዳኑን ፈታ። እያንዳንዷን ብሎን እያወጣ በአውራ ጣቱ ይጠርጋታል፣ ወደ ብርሃን ያዞራታል፣ ጨርቅ ላይ በተራ ያስቀምጣታል። የመጨረሻው የብቸና ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ በአስፋልቱ ሲያልፍ ሰማሁት። አልተነሳሁም።

አንዷን ብሎን ከሌሎቹ ለየት አድርጎ ያዛት። ጭንቅላቷ ላይ ያለውን ዝገት በጥፍሩ ፋቀው።

"እትዬ፣ ይቺ የእናንተ ነበረች" አለ።

እንዴት እንዳወቀ አላውቅም። ላያውቅም ይችላል።

"መልሰህ ግጠማት" አልኩት።